ወደ ኋላ ዙር

እግሬ የራሴ አለመሆኑን ያወቅሁት ጎንደር ላይ የማርሽ ባንድ በተቋቋመ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ማንኛውም ሰው ነበርሁ። ልሂድ ስል ይሄዳል፤ ልቁም ስል ይቆማል፤ ሲደክመኝ አጥፌው እቀመጣለሁ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እናንተም አትጠይቁት። ሰልፍ የሚያስተምራችሁ ሰው እስኪመጣ ድረስ ከእግራችሁ ጋር ተከባብራችሁ ብትኖሩ ይሻላችኋል።

ጣልያን ከወጣ ትንሽ ቆየት ብሏል። ጥሎብን የሄደው ነገር ብዙ ነው፤ ፒያሳውን ጥሎ ሄደ፣ የተሰበረ ማኪናውን ጥሎ ሄደ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ደግሞ የሙዚቃ መሣሪያውን ቆልፎበት ሄደ። መጋዘኑ ሲከፈት የትልቁ ከበሮ አንደኛው ቆዳ ተቀዶ ዶሮ ውስጡ ገብታ ታቅፋ ተገኘች። ጡሩንባዎቹ ግን ደኅና ነበሩ። ይህን የሰሙ ሹማምንት፣ እንግዲያውስ ለዘውድ በዓል ባንድ ይሰለፍልን አሉና ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ አስመጡ። አምሳ አለቃ ደምሴ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው የሚሄዱ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይሰበር ሰው ነበሩ። የማይሰበር ያልሁት ሲመጡ ነው እንጂ እኛን ካሠለጠኑ በኋላ የነበረውን አይደለም።

መንፋት የሚችልና መምታት የሚችል ይምጣ ተብሎ ተለፈፈ። እኔ መምታት እችላለሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የአቋቋም መምህር። አቋቋም ማለት ካህናቱ መቋሚያ ይዘው፣ ጸናጽል እያንሿሹ፣ በከበሮ እየተመሩ የሚያሸበሽቡበት የማኅሌት ትምህርት ነው። ይህን ለጎንደሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ምናልባት ሌላ አገር የሚያነበኝ ካለ ብዬ ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የደብራችንን ከበሮ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው ያደግሁት። አባቴ ሲያረጁ ቦታቸውን እኔ እንደምይዝ የሚያውቀው መላው ደብር ነው። ከእኔ በቀር።

ለምን እንደ ሄድሁ ሰው ሁሉ ጠይቆኛል። ከስክስ ጫማው አማረህ ይሉኛል። አማረኝ፤ መቼ ካድሁ። ግን ዋናው እሱ አልነበረም። ከበሮን ማኅሌት ቆሜ በሌሊት፣ በጨለማና በጧፍ ብርሃን ስመታው ኖሬ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ፣ እየሄድሁ ልመታው አማረኝ። ይኸው ነው። ሰው ከዚህ ባነሰ ምክንያት ሚስቱን ይፈታ የለም እንዴ?

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ልሰናበት ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን ሸፈኑት። እንዳጎነበስሁ ጥቂት ቆየሁ፤ አልገለጡትም። ተነሥቼ ወጣሁ። በሩን አልፌ ሳበቃ እናቴን «ጀርባውን አየሁት» ሲሏት ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። መንገድ ላይ ብንገናኝ መሬት መሬቱን እያዩ ያልፉኛል። ፋሲካ መጣ፤ የምሄድበት አጣሁና ከአንዱ ጡሩንባ ነፊ ቤት ዶሮ በላሁ። ሽማግሌ ላክሁ። ይቅርታ ጠያቂ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መውደቁ የአገሩ ወግ ነውና፣ ድንጋዩንም መርጬ አዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አጥቁረው ተመለሱ። አባቴ የመለሱት እንዲህ ብለው ነው፤ «ድንጋይ ምን ያደርግለታል? ሆዱ ላይ ያንጠለጠለው መች አነሰውና። እኔ ጥል የለኝም። ብቻ ሲሄድ ያየሁት ጀርባውን ነው። ዐይኔ እሱ ላይ ቀርቷል።»

እናቴ ግን ብልኅ ሴት ናት፤ ተስፋ አልቆረጠችም። የዘውድ በዓል የሚከበረው ደብራችን ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ነው። አባትህ እንደ ልማዳቸው ከካህናቱ ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ይቆማሉ፤ ያኔ እንግዲህ ፊትህን አሳያቸው፤ ባይወዱም ያዩሃል አለችኝ። እኔም ይህን ይዤ ሥልጠናዬን ቀጠልሁ። ሌላው ሰው ለንጉሥ ሲሰለፍ እኔ ላንድ ሽማግሌ እሰለፍ ነበር።

ሥልጠናው አዘዞ ሜዳ ላይ ነው የተጀመረው። መጀመሪያ የተማርነው መቆም ነው። «ተጠንቀቅ» ይሉናል፤ እንጠነቀቃለን፤ ማለት ዙሪያችንን እናያለን። ይህ እንዳልሆነ፣ ሰው ተጠንቀቅ ሲባል የትም ማየት እንደሌለበት ለማስረዳት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀባቸው። ከዚያ መሄድ መጣ። መሄድ እንችላለን ብለን ነበር።

«በግራ እግር ትጀምራላችሁ» አሉን አምሳ አለቃ። «ወደፊት፣ ሂድ!»

ሁላችንም በቀኝ ተነሣን። መለሱን። ደግመው አዘዙ። ሁላችንም በቀኝ። አንድም የተሳሳተ ሰው የለም፤ ወታደር እንዲህ አንድ ሆኖ ሲሳሳት አላየሁም ብለው ተገረሙ። በመጨረሻ ከእኛ ሁሉ በዕድሜ ታላቅ የሆነውን፣ አያ ወርቁን ጠየቁት። አያ ወርቁ ከጎንደር ወዲያ ካለው ከትክል ድንጋይ የመጣ ሰው ነው። በአርበኝነቱ ዘመን አርማጭሆ በረሃ ውስጥ መለከት ሲነፋ የኖረ፣ ደረቱ እንደ ጎተራ የሰፋ፣ ትልቁን ጡሩንባ አንገቱ ላይ እንደ ዘንዶ የሚጠመጥም ሰው ነው።

«ምነው አምሳ አለቃ» አለ ረጋ ብሎ፤ «ጠዋት በቀኝ አውለኝ ብዬ ከቤቴ ወጥቼ በግራ ልጀምረው?»

  እውነቱን እኮ ነው። በቀኝ አውለኝ ሳይል ከደጁ የሚወጣ ሰው በእኛ አገር የለም። በፍርድ ቀን በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ እንደሚቆሙ ሁላችንም ሰምተናል፤ እና ለሰልፍ ብሎ ማን ወደ ፍየሎቹ ይንደረደራል? አምሳ አለቃ በዱላቸው ጫማቸውን እየመቱ ሜዳውን አንድ ዙር ዞሩና ተመልሰው መላ መቱ። መጀመሪያ ባለንበት ቆመን ቀኝ እግራችንን አንዴ እንረግጣለን፤ ያ ለእግዜር ነው። ከዚያ በግራ እንነሣለን፤ ያ ለመንግሥት ነው። ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ባንድ ከመነሣቱ በፊት «ጧ!» ብሎ መሬት ይረግጣል። ሌላ አገር ያሉ ባንዶች ይህን አያደርጉም አሉ። እነሱ ይወቁ።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ የእኔ ነው።

የተቀደደውን የከበሮ ቆዳ የሚያድስ ፈረንጅ ስላልተገኘ፣ የደብራችንን ከበሮ የሚወጥሩት ሽማግሌ በበሬ ቆዳ ወጠሩት። ስለዚህ በግራ በኩል ስመታው የጣልያን ድምፅ አለው፤ በቀኝ በኩል ስመታው ግን ልክ የደብራችን ከበሮ ነው። እኔም ቀኝ ቀኙን ስመታ ራሴን ማኅሌት ውስጥ አገኘዋለሁ። ማኅሌት ደግሞ እንደምታውቁት ሲጀመር ቀስ ብሎ ነው፤ ኋላ እየሞቀ፣ እየፈጠነ ይሄድና መጨረሻው ላይ ካህናቱ ላብ በላብ ይሆናሉ። እጄ ይህን ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሰልፉ በዝግታ ይጀመራል፤ ሜዳው እኩሌታ ላይ ስንደርስ እንፈጥናለን፤ ሦስተኛው ዜማ ላይ ባንዱ ይሮጣል። አያ ወርቁ ያንን ናስ ሁሉ ተሸክሞ እየሮጠ መንፋት ሲያቅተው ጡሩንባው እንደተጠለፈ በሬ ያጓራ ነበር። አዘዞ ሜዳ ላይ የሚግጡ ላሞች እኛ ስንመጣ ገና ከሩቁ መንገድ ይለቁልን ጀመር።

አምሳ አለቃ ጠርተው ለብቻዬ አስቀመጡኝና ለምን እንደምቸኩል ጠየቁኝ። አልቸኩልም አልኋቸው፤ እየሞቀ ሲሄድ ነው። ምኑ ነው የሚሞቀው አሉ። ይህን ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አንተ ግን ጫጩቱን ገና ዛሬ ልታስሮጠው ነው አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ደግሞ በየቀኑ ይነግሩኝ ነበር። ሰማሁ፤ አእምሮዬ ሰማ ማለቴ ነው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንዲሉ፣ እጄ ግን ለአባቴ ነው የሚታዘዘው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አባቴን ጥያቸው ወጣሁ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን እጄ ውስጥ ቁጭ ብለው ከበሮ ይመታሉ።

ሜዳው ላይ ደኅና ሆናችኋል ተብለን ከተማ ውስጥ ልምምድ ስንጀምር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አምሳ አለቃ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ጎንደር አርባ አራት ታቦት እንዳለባት በወሬ ሰምተው ይሆናል፤ በእግራቸው ግን አልሰሙም። ከፒያሳ ተነሥተን ወደ ታች ስንወርድ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ደረስን። የፊተኛው ሰው እንደ ልማዱ ቆሞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ አማትቦ ተሳለመ። ሁለተኛው እሱ ላይ ወደቀበት፤ ከወደቀበት ሳይነሣ እዚያው ተሳለመ። እኔም ከበሮዬን መሬት አስቀምጬ ጎንበስ አልሁ። ከበሮው ቁልቁለቱን ተያያዘው። አንዲት ጠላ ሻጭ በር ላይ ነው የያዝነው፤ ሴትዮዋም ቅርጫት መስሏት ልትገዛው ነበር።

ሰብስበውን ሄድን፤ ሁለተኛው ደብር መጣ። ተሳለምን። ሦስተኛው መጣ። አምሳ አለቃ መንገድ ይለወጥ አሉ። ለወጥን፤ በዚያም በኩል ደብር አለ። ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መንገድ ፈልጎ ያገኘ ሰው እስካሁን የለም፤ ነገሥታቱም ሳያገኙት ሞተዋል። ሰውየው ጃንተከል ዋርካ ሥር ተቀምጠው ላባቸውን ሲጠርጉ አዘንሁላቸው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳንሳለም ብናልፍ እግራችን እንደሚተሳሰር፣ ከመቅደሱም ፊት ስንወጣ ወደ ኋላ እየሄድን እንጂ ጀርባችንን ሰጥተን እንደማንወጣ፣ ይህም ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው እንደሆነ አስረዳኋቸው። እሳቸውም ክርስቲያን ናቸው፤ አልተከራከሩኝም። ብዙ ካሰቡ በኋላ በዐይናችሁ ተሳለሙ አሉን። ደብር ባለበት በኩል ሁላችሁም አንድ ጊዜ ራሳችሁን መልሱ፣ በልባችሁ ተሳለሙ፣ እግራችሁ ግን አይቁም።

ይህ ሸጋ መላ ሆነ። ያን ያህል አንድ ላይ የዞረ ራስ ያየ የለም። ኋላ ትልልቅ መኮንኖች አይተው፣ ይህን የመሰለ የራስ ሰላምታ የክብር ዘበኛም የለው ብለዋል አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ረሳን። አዘዞ ሜዳ ላይ የተማርነው «ወደ ኋላ ዙር» ነበር። ሰልፉ ዜማውን ሲጨርስ ከበሮው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሁለተኛው ምት ላይ ሁሉም ዞሮ በመጣበት ይመለሳል። እዚያ ከብትና ሣር ፊት ስንዞር እንደ ውኃ ይፈስስ ነበር። ከብት ፊት ጀርባ መስጠት ነውር የለውም። ከተማ ውስጥ ግን ጊዜ አጥሮ አንድም ቀን አልተለማመድነውም።

በዓሉ ደረሰ። ለክብሩ እንግዳ፣ ለአንድ ደጃዝማች፣ ዳስ የተጣለው ከሜዳው መካከል ነበር። ጠዋት ላይ ግን ፀሐዩ ሲበረታ ወንበራቸው ተነሥቶ ከደብራችን ደጅ፣ ከጥዶቹ ጥላ ሥር ገባ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑም ደጃዝማቹም አባቴም በአንድ በኩል ሆኑ። አባቴን ከሩቅ አየኋቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ተደግፈው፣ መሬት መሬቱን እያዩ ቆመዋል። እናቴ ሕዝቡ ውስጥ ሆና ትንሽ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ቀኛችንን ረግጠን በግራ ተነሣን። ሁሉም ሸጋ ሆነ። ሰውም እልል አለ። ደጃዝማቹ ፊት ቆመን መዝሙሩን ጀመርን። እኔ ከኋለኛው ረድፍ ነኝ። ከበሮዬን በግራ በኩል መታሁ፤ አባቴ ቀና አላሉም። በቀኝ በኩል፣ በበሬው ቆዳ በኩል መታሁ።

ቀና አሉ።

ያንን ድምፅ ያውቁታላ። ያንን ቆዳ የወጠሩትን ሽማግሌ ለደብራችን ከበሮ የቀጠሩት እሳቸው ናቸው። ዐይናቸው ከበሮውን ፈልጎ አገኘና ከከበሮው ወደ ላይ ወጥቶ ፊቴ ላይ ቆመ። ከሄድሁ ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። አልተቆጡም፣ አልሳቁም፤ ዝም ብለው አዩኝ።  እጄ እንዳይፈጥንብኝ ፈራሁ፤ አልፈጠነም። እሳቸው እያዩት እጄ እንዴት ብሎ ይቸኩላል?

መዝሙሩ አለቀ። አምሳ አለቃ ከፊታችን ተነሥተው ዞረው ወደ ኋላችን ሄዱ፤ ባንዱ ሲዞር ከፊት ሆነው እንዲመሩ ነው። ጀርባቸውን ለእኛና ለደጃዝማቹ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ከተማው አድርገው ዱላቸውን አነሡና፣ በዚያ ባለቀ ድምፃቸው፣ «ወደ ኋላ፣ ዙር!» አሉ።

አሁን እንግዲህ ሁለቱን ምት መምታት ያለብኝ እኔ ነኝ። እኔ ካልመታሁ ማንም አይዞርም። እኔ ከመታሁ ደግሞ አባቴ ጀርባዬን ያያሉ። ሁለተኛ ጊዜ። ሥልጠናውን ሁሉ የሠለጠንሁት ፊቴን ላሳያቸው ነው፤ ይኸው አሳየኋቸው፤ ለስንት ጊዜ? ለአንድ መዝሙር ያህል። እናንተ ብትሆኑ ትመቱት ነበር? በቦታዬ ሆናችሁ ንገሩኝ እንጂ ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነው።

እኔ ምንም አልወሰንሁም። ይህን በእውነት ነው የምላችሁ። እጄ የዘወትሩን ዝግተኛ ምት መታ፤ እግሬ ደግሞ ባለቤቱን ሳይጠይቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከመቅደስ ስንወጣ እንደምንሄደው። ከዚያ ሌላኛው እግሬ ተከተለው።

ከፊቴ ያለው ረድፍ ከበሮው እየራቀ ሲሄድ ሰማ። የመዞሪያው ምት አልመጣም፤ ከበሮው ግን እየሄደ ነው። አያ ወርቁ ጡሩንባውን ከአፉ ሳያወርድ በጎን በኩል «ምነው?» አለኝ። አልመለስሁለትም። ቀና ብሎ ፊት ለፊቱን አየ፤ ደብሩን አየ፣ ደጃዝማቹን አየ። «አሃ» አለና እሱም ወደ ኋላ ተራመደ። እሱን አይቶ ጎኑ ያለው፣ ድምፃችን ሲርቅበት ፊት ያለው። ሁሉም የአገሬ ልጅ ነው፤ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ባንዱ እየነፋና እየመታ፣ ፊቱን ወደ ታቦቱ እንዳደረገ፣ አንድም ሰው ሳይደናቀፍ፣ ሜዳውን ሙሉ ወደ ኋላ ወጣ።

አምሳ አለቃ ብቻ አላዩም። ከበሮውን ከጀርባቸው እየሰሙ፣ ሁላችንም ዞረን እየተከተልናቸው መስሏቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ዱላቸውን እያወዛወዙ ፊት ፊት ይሄዳሉ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። እሳቸውም ለእሳቸው መስሏቸው እርምጃቸውን አሳመሩት። ከሜዳው ዳር ሲደርሱ «ቁም!» አሉና ፊታቸውን መለሱ።

ያገኙት ጀርባ ነው። ባንዱ በሙሉ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል።

የፊታቸውን ነገር አልነግራችሁም። ዞረን ተሰለፍንላቸው።  «በዚህ ሁሉ ሰው መካከል» አሉ ቀስ ብለው፤ «ጀርባ የተሰጠኝ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?» ያኔ አዘንሁ። ለአንዱ ፊቴን እሰጣለሁ ስል ጀርባዬ የሌላ ሰው ፊት ላይ እንደሚያርፍ አላሰብሁም ነበር። ዛሬም ድረስ ስሰለፍም ሳልሰለፍም ይህ ትዝ ይለኛል፤ ጀርባ የሌለው ሰው እንደሆነ አልተፈጠረ፣ ብቻ ማን ላይ እንደሚያዞረው ነው።

ልንታሰር ነው ብለን ስንጠብቅ የደጃዝማቹ አሽከር እየሮጠ መጣ። ደጃዝማቹ፣ ጀርባ ሳይሰጥ እጅ ነሥቶ የሚወጣ ባንድ አዲስ አበባም አላየሁም፤ አሠልጣኙ የተማረ ሰው ነው ብለዋል አለ። ያ ፊት ፊት የሚሄደው ሰው ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ደግሞ አንድ ብልኅ ሰው፣ የሚሄዱበት ስለማይታያቸው መንገድ መሪ ነው ብሎ መልሶላቸው ኖሯል። ካህናቱ በበኩላቸው ለታቦቱ የተደረገ ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል። ሁሉም ለራሱ ወሰደው። አምሳ አለቃ ኮታቸውን ጎተት አድርገው አስተካከሉና፣ ያለ ብዙ ልምምድ የሚሆን ነገር አይደለም ብለው አሽከሩን ሸኙት።

ኋላ ይህን አወጣጥ በትእዛዝ ሊያስተምሩን ሞክረው ነበር። አዘዞ ሜዳ ላይ «ወደ ኋላ ሂድ» ሲሉን ሁላችንም ተጠላልፈን አንዳችን ባንዳችን ላይ ተከመርን። ስንት ጊዜ ተሞከረ፤ አልሆነም። አያ ወርቁ ከሣሩ ላይ እየተነሣ፣ ምነው አምሳ አለቃ፣ ላም ፊት ማን ወደ ኋላ ይሄዳል አላቸው። ተዉት።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ልብሴን ሳልቀይር እቤት ሄድሁ። እናቴ በሩን ከፍታ ገለል አለችልኝ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ቆምሁ። ግባም ውጣም አላሉኝም። ከስክሱን ላውልቀው ወይ አላውልቀው እያልሁ ሳመነታ፣ «ወደ ኋላ ስትነሣ ቀኝህን ነው ያስቀደምኸው ወይስ ግራህን?» አሉኝ።

«አላስታውስም፣ አባቴ።»

«እኔ አይቻለሁ። ቀኝህን ነው» አሉ። «እጅህም አልቸኮለም።»

ጋቢያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ገለጥ አደረጉት። ወድቄ ሳምሁት። ቀና እንዳልል ራሴን በእጃቸው ይዘው መረቁኝ፤ በቀኝ ያውልህ አሉኝ፤ ሌላም ብዙ አሉኝ፤ እናቴ አሜን ስትል እኔ ማለት አልቻልሁም። አለቀስሁ። ሰው በዘውድ በዓል ቀን በካኪ ልብስ ሲያለቅስ አያምርም፤ ቢሆንም አለቀስሁ።

በጊዜ ወደ ባንዱ ሰፈር መመለስ ነበረብኝ። እጅ ነሣሁና ፊቴን ወደ እሳቸው እንዳደረግሁ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ መሄድ ጀመርሁ። ከስክሱ መድረኩ ላይ ተጠለፈና በጀርባዬ መቃኑን መታሁት፤ ቆቤም ወደቀ። ስንት ጊዜ ሳላይ የቆየሁትን ሳቅ አባቴ ያኔ ሳቁ። ጥርስ እንደጎደላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

«ዙር፣ ልጄ» አሉኝ። «መንገድህን እያየህ ሂድ።»

ዞርሁ። ዐይናቸው ጀርባዬ ላይ እንዳለ እያወቅሁ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሄድሁ። በየትኛው እግሬ እንደ ተነሣሁ አላስታውስም።